የሚደፋው ሸክላ

አማቴ ፈሳሹን ሸክላ ሲቀዱ እጃቸው አይንቀጠቀጥም። የአሻንጉሊት ማውጫው የጄሶ ፎርማ አፉ ድረስ እስኪሞላ ጆጉን ከፍ አድርገው ሳያቋርጡ ያንቆረቁሩታል። መሃል ላይ ካቆሙ አሻንጉሊቷ ወገብ ላይ መስመር ይቀራል፤ የሳቸው ላይ ግን መስመር ታይቶ አያውቅም። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጄሶው ውሃውን ይመጥጥና ሸክላው ዙሪያውን እንደ ቆዳ ይይዛል። ቆዳው ወፈር ሲል ፎርማውን ገልብጦ የመሃሉን ትርፍ መድፋት ነው። ሆዷ ባዶ ያልሆነች አሻንጉሊት ምድጃ ውስጥ ትፈነዳለች፣ ያውም ጎረቤቶቿን ይዛ። አማቴ ይህን መድፋት መርሳት ጀመሩ። ቀድተው ዞር ይሉና መስኮቱ ጋ ተቀምጠው የደረቁትን በስፖንጅ ሲያለሰልሱ፣ ፎርማው እዚያው ድፍን ብሎ ይቀራል።

ባለፈው ወር አንድ ሙሉ ምድጃ አሻንጉሊት ብትንትኑ ወጣ። ባሌ እናቱ እንዳይሰሙ እኔን ጓሮ ወስዶ፣ «ይሄ ነገር ከተደገመ እማዬ ሥራ ክፍሉ አትገባም። ቤት ትቀመጥ» አለኝ።

ምን አገባኝ ማለት እችል ነበር። ደክሞኛል። ሸክላ ሳጠልል፣ የምድጃውን እሳት ስጠብቅ ውዬ ስገባ የቤቱ ሥራ አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል፤ ወገቤማ ወገብ መሆኑን ካቆመ ቆየ። ግን እኚህ ሴትዮ ከዚህ ክፍል ከወጡ ምን ሊሠሩ ነው? ግድግዳ ሊያዩ? ስለዚህ ጀርባቸውን ሲሰጡኝ እየጠበቅሁ፣ ትርፉን ባልዲ ውስጥ ደፍቼ ፎርማውን ወደ ቦታው መመለስ ጀመርኩ።

አሻንጉሊቶቹ አማረባቸው። አማቴም ፊታቸው ፈካ፣ የምግብ ፍላጎታቸው ተመለሰ። «አንተ፣ ፊትህን እንዲህ ካጨማደድከው ፎርማ አይገኝለትም» እያሉ ልጃቸውን መተረብ ሁሉ ጀመሩ። ሥራ ቢጨመርብኝም ደስ አለኝ፤ በተንኮሌም ኮራሁ።

ዛሬ ጠዋት ሽርጣቸውን ጠበቅ አድርገው ባሌ ፊት ቆሙ።

«ጤናዬ ተመልሷል። አንዲትም አልረሳሁ። ከዛሬ ጀምሮ እሳቱንም እኔ ልያዘው፤ ይቺ ልጅ ትንሽ ትረፍ። ፊቷን አታየውም እንዴ?»

ባሌም፣ ጅሉ፣ ደስ ብሎት «እሺ እማዬ» ብሎ ወጣ።

ምድጃችን የጋዝ ነው። ጋዙን ከፍቶ መለኮሱን የረሳ ሰው ምን እንደሚያጋጥመው አስቤ መጨረስ አልፈለግሁም።

«እማማ» አልኳቸው፣ «የምደፋው እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«ፎርማውን። እርስዎ... ይረሱታል።»

ወደ ተደረደሩት ፎርማዎች ዞሩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«አንዱን እንኳ እኔ አልደፋሁም?»

«አልደፉም፣ እማማ።»

«እኔ እኮ የዳንኩ መስሎኝ...» አሉ። «በየጠዋቱ አምላኬን አመሰግን ነበር።»

አለቀስኩ። ከእንባዬ የቱ ለሳቸው፣ የቱ ለድካሜ እንደሆነ አላውቅም። እሳቸው አላለቀሱም። ጆጉን አንስተው አንድ ፎርማ ሳያቋርጡ ሞሉ። ከዚያ በርጩማቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡና ፎርማውን በሁለት እጃቸው ግጥም አድርገው ያዙት።

«እሳቱ ያንቺው ይሁን» አሉኝ። «ይሄን ግን ከእጄ አልለቀውም። ሲደርስ ንገሪኝ፤ የምደፋው እኔ ነኝ።»