ሆሮሞናን ለመውሰድ የመጡት

እማማ ኔታ የለቀስተኛ መጥሪያውን ዜማ ሲጨርሱ ከጎሳችን ግቢ በር ማዶ የቆሙት ሞተረኞች እርስ በርስ ተያዩ እንጂ አልተንቀሳቀሱም። ደርዘን ይሆናሉ፤ ሁሉም ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ነጮች ናቸው። የዝናብ ልብሳቸው ያንጸባርቃል። አንደኛው ካሜራውን ወደ ታላቁ የመሰብሰቢያ ቤት ጣሪያ ቀስሯል።

«ሐዘን ከብዷቸው ነው» አለች አክስት ራዊኒያ፣ ከማድ ቤቱ መስኮት አንገቷን አውጥታ። «የሆሮሞና ወዳጆች እኮ ናቸው።»

«ያ ካሜራ የያዘውም ከብዶታል?» አልኳት።

«ሰው ሐዘኑን የሚገልጸው እንደ አስተዳደጉ ነው። አንቺ ድንችሽን ላጪ!»

እማማ ኔታ ደግመው ጠሩ። በእኛ ዘንድ በሐዘን ቀን በር ላይ የቆመ ሁሉ ለቀስተኛ ነው። ለምን መጣህ አይባልም፤ ይጠራል፣ ይገባል፣ ያለቅሳል፣ ይበላል። ሰዎቹም ገቡ። ሄልሜታቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው፣ ከፊት የምትሄደውን አጭር ሴት እየተከተሉ ሣሩን አቋረጡ። ሴትዮዋ ግሌንዳ ትባላለች፤ ከታዝማኒያ ነው የመጣችው። በረንዳው ጋ ደርሳ ቀና ስትል ክዳኑ የተከፈተ የሬሳ ሣጥን አየች። ሣጥኑ ውስጥ የተኛው፣ ቅዳሜ ኦፖቲኪ ከተማ ላይ ሊቀበላቸው የተቀጣጠረው አስጎብኚያቸው ነበር።

«እንዴ!» አለች። «ሆሮሞና አይደለም እንዴ ይሄ?»

ነገሩ የገባን ያኔ ነው። ሰዎቹ ኦፖቲኪ ላይ ጠብቀው ጠብቀው ሳይመጣ ሲቀር፣ ስልክም የሚያነሳ ሲጠፋ፣ ካርታቸውን ዘርግተው የባሕሩን ዳር ዳሩን በራሳቸው ነድተው መጡ። የጎሳችን ግቢ ደግሞ ከጉብኝቱ ታሪካዊ ቦታዎች አንዱ ነው። እማማ ኔታ ሙታንን ሁሉ እየጠሩ ሲያለቅሱ እነሱ የእንግዳ አቀባበል መስሏቸው ነበር። ካሜራ የያዘው ሰውዬ ካሜራውን ኮቱ ውስጥ ሊደብቅ ሲታገል ማየት ያሳዝን ነበር፤ ትንሽ ያስቅም ነበር።

ግሌንዳ ግን አለቀሰች። በሣጥኑ ግራ በኩል ምንጣፍ ላይ የተቀመጠችው ማቴሮዋ፣ የሆሮሞና ሚስት፣ የማታውቃት ሴት ለባሏ ስታለቅስ አየቻት። እሷ ራሷ የሐዘን የቅጠል ጉንጉኗን እንደደፋች ደረቅ ዓይኗን ይዛ ነበር የሰነበተችው። ይህም ተወርቷል። ምን ያልተወራ አለ?

እንግዶቹ እንደተቀመጡ ታሚሃና ተነሣ። ታሚሃና የሆሮሞና ታላቅ ወንድም ነው፤ ከሰሜን፣ ከራውኮኮሬ በኩል፣ ዘመዶቹን አስከትሎ ሬሳውን ይሰጠኝ ብሎ ሊጠይቅ መጥቷል። ይህ ወግ ነው። የሟች ወገን «ይገባኛል» ብሎ ካልተሟገተ ሟቹን ንቆታል ማለት ነው። ተሟግቶ መሸነፍ ክብር ነው፤ ነውሩ ዝም ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ማን እንደሚያሸንፍ ስለሚታወቅ ሰው በንግግሩ ማማር እየተደሰተ ይሰማል። የዛሬው ግን እንደዚያ አልነበረም።

«ተነሣ አንተ ሰነፍ!» አለ ታሚሃና በከዘራው ወደ ሣጥኑ እየጠቆመ። ሙታንን ፊት ለፊት መውቀስ እኛ ጋ ይፈቀዳል። «ሚስት አግብቼ እመለሳለሁ ብለህ ሄደህ ጥርስህ እስኪወልቅ ቀረህ! እናትህን ስንቀብር እንኳ አድረህ አልዋልክም። ረቡዕ ግን ልብ ገዛህ። ልብስህን በሻንጣ፣ ሻንጣህን በሞተርህ አስረህ ወደ እኛ መጣህ። ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ዝናብ አዳልጦ ጣለህ። የጀመርከውን መንገድ እኛ እናስጨርስሃለን!»

ሻንጣ የሚለው ቃል ሲነሳ ሁሉም ወደ ማቴሮዋ ላለማየት ሲጣጣር ሁሉም አያት።

ረቡዕ ጠዋት ሆሮሞና ወጥ ቤት ቆሞ የዝናብ ልብሱን ይጠርግ ነበር።

«ለእነዚያ ጎብኚዎችህ ስለ ቶላጋ ድልድይ ስታወራ ምላስህ አይደርቅም» አለችው ማቴሮዋ። «ስለዚያ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ትልቁ ዛፍ ትተርክላቸዋለህ። ለእኔ ሲሆን ‹ሻይ አለ?› ብቻ።»

«አለ እንዴ?» አለ ሆሮሞና።

መቀለዱ ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ያን ዕለት ግን ጨርቁን ከእጁ ነጠቀችው። «ሂድ! ከሄድክ እዚያው ቅር!»

«እሺ» አለ። ሆሮሞና ለሁሉ ነገር እሺ ነበር የሚለው፤ እሺ ብሎ ያደርጋል ወይስ አያደርግም የሚለው ነው አርባ ዓመት ያልታወቀው። ከቀጠሮው ሦስት ቀን ቀድሞ ሻንጣውን አስሮ ወጣ። ሲያስር ያየ ጎረቤት አለ። እኛ ሰፈር ደግሞ ያየ አይቆጥብም።

በረንዳው ላይ ሽማግሌው ፓኦራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የቤቱ ጠበቃ እሳቸው ናቸው። ለታሚሃና ከመመለሳቸው በፊት ግን ተራው የእንግዶቹ ነበር፤ ተጠርቶ የገባ ሳይናገር አይቀርም።

ግሌንዳ ተነሣች። «እኔ እንኳ ንግግር አላውቅም።»

«የምታውቂውን ተናገሪ» አሉ ፓኦራ። «እዚህ ሰው ሁሉ የሚናገረው የማያውቀውን ነው።»

«አምናም ከእሱ ጋር መጥቼ ነበር» አለች፣ ሄልሜቷን እያገላበጠች። «ያንን ባሕር ዳር ያለ ቤተ ክርስቲያን አሳየን፣ ዛፉን አሳየን። በመጨረሻ አንድ የተዘጋ ቤንዚን ማደያ ፊት አስቆመን። ዝገት ነው እንጂ የሚታይ ነገር የለውም። ‹ሄልሜት አውልቁ› አለን፤ አወለቅን። ‹እዚህ ቦታ ታላቅ ጦርነት ተካሂዷል። አንዲት ልጅ የቤንዚን ቱቦ ይዛ ቆማ ነበር፤ አንድ ጎረምሳ ከሰሜን መጣባት። ጎረምሳው ወዲያው ተማረከ፤ እስከ ዛሬም አልተፈታም› አለን። እኔ እውነተኛ ታሪክ መስሎኝ ፎቶ አንስቼ ለልጅ ልጆቼ አሳየሁ።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እማማ ኔታ እንኳ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ማደያው የማን አባት ንብረት እንደነበር፣ ቱቦውን የያዘችው ማን እንደነበረች የማያውቅ እንግዶቹ ብቻ ነበሩ።

ማቴሮዋ አልሳቀችም። ጎረምሳው ሞተሩን ካቆመ በኋላ ዓይኗን እንጂ ሌላ ነገር እንዳላየ ታስታውሳለች። ቱቦውን ስትከት ቤንዚኑ ሱሪው ላይ ፈሰሰ። «ሙሉ እኮ ነው!» ብላ ጮኸችበት። «ይጨመርበት» አላት።

ድንገት ከምንጣፏ ተነሣች። ለሐዘንተኛ ሚስት መቀመጥ ነው ወጉ፤ እሷ ግን በሣጥኑ ላይ ጎንበስ አለች።

«አንተ!» አለች። «ለእነዚህ ነው የነገርካቸው? ከታዝማኒያ ለመጡ? ሄልሜት አስወልቀህ?» የሣጥኑን ጠርዝ ያዘች። «በየዓመቱ ‹ነይ፣ ከኋላዬ ተቀመጪ› ስትለኝ ወገቤን እያልኩ ቀረሁ። የዛፍና የድልድይ ወሬ መሰለኝ። ይሄ አለበት ብትለኝ ምናለ? … ሸሽተህ ነው ወይ? ተናገር እንጂ። ከእኔ ሸሽተህ ነው?»

ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። እንባዋ መጣ፤ መጥቶም አልቆም አለ።

ፓኦራ ጥቂት ጠብቀው ተነሡ። «ታሚሃና፣ በምስክር ፊት ሰምተሃል» አሉ። «ወንድምህ ምርኮኛ ነኝ ብሏል። ምርኮኛ የሚቀበረው የማረከችው ዘንድ ነው።»

ታሚሃና አልለቀቀም። ስለ እናቱ መቃብር ተናገረ፤ በከዘራው ወለሉን መታ፤ ስለ ሻንጣውም ደገመ። ዘመዶቹም እንደ ወጉ ንግግሩን በዜማ አጀቡለት። በመጨረሻ ሣጥኑን ብዙ ጊዜ ሲያይ ቆየና ተቀመጠ፤ ሙግቱም አበቃ። ሆሮሞና እዚሁ፣ ከማደያው በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ሊቀበር ተቆረጠ።

እንግዶቹን ወደ መብል ቤት ወስደን ዓሣና ስኳር ድንች አበላናቸው። ሲጨርሱ ራዊኒያ ካሜራ ላለው ሰውዬ ፎጣ ሰጥታ ሳህን ማድረቅ ላይ መደበችው። እሱም ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ አለ።

በረንዳው ላይ ሰው ሳሳ ሲል ታሚሃና ብቻውን ወደ ሣጥኑ መጣ። ማቴሮዋ ከምንጣፏ ራስጌ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት። ጉልበቱን እየያዘ ተቀመጠና የወንድሙን የተጣመመ ኮሌታ አቃናው።

«ዋርሳዬ» አለች ቀስ ብላ። «አሁን ማንም አይሰማንም። ለወጉ ብለህ ነው የተሟገትከው፣ ወይስ እውነት ደውሎልህ ነበር? አልጋ አንጥፍልኝ ብሎህ ነበር?»

ታሚሃና ኮሌታውን እንደገና ዳሰሰው፤ የሚቃና ነገር አልቀረውም ነበር።

«መደወል ምን ያደርግለታል? አልጋውማ ካገባሽ ጀምሮ እንደተነጠፈ ነው» አለ። «ማንም ባይተኛበትም አንሶላውን ነው የምንቀይረው።»