ለአይጥ የተቀመጠው

«ቀስ በይ! አንገቱን ደግፊው እንጂ!» አሉ አባቷ።

ልብስ ሰፊዋ ውሻቸውን በአንሶላ አቅፋ ከባጃጁ ስትወርድ አዲስ የደም ጠብታ አየች፤ ከአፍንጫው ነው። ጠዋት ሲነሱ በር ሥር ተዘርሮ፣ ድዱ እንደ ወረቀት ነጥቶ ነበር ያገኙት።

«አለቃ» የሚለውን ስም ያወጡለት አባቷ ናቸው። ጡረተኛው መካኒክ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅ አልወጡም ነበር። ይህ ውሻ ሲመጣ ግን በየማለዳው ጫማቸውን በጥርሱ እየጎተተ ያስወጣቸው ጀመር። «አለቃዬ ሲያዘኝ እምቢ ልል ነው እንዴ?» እያሉ ይስቃሉ።

የእንስሳት ሐኪሟ የውሻውን ከንፈር ገልጣ አየች፤ ሆዱን ዳሰሰች፤ ከፊት እግሩ ደም ቀዳች። መርፌው የገባበት ቀዳዳ ግን አልደርቅ አለ። ጥጥ ብትጭንበት፣ ብትቀይርለት፣ ጥጡ ቀላ።

«ቤታችሁ ውስጥ የአይጥ መርዝ አለ?»

«እኛ ቤት?» አባቷ ቱግ አሉ። «ውሻ ባለበት ቤት መርዝ አይገባም ብዬ ከልክያለሁ! ይሄ የጎረቤቴ ሥራ ነው። የሌሊት ጥበቃ ነው፣ ቀን ቀን ይተኛል። ‹የውሻዎ ጩኸት እንቅልፍ ነሣኝ› ካለኝ ገና ሳምንቱ ነው። ሌላ ሰው ከሆነ አንገቴን ለካራ!»

ሐኪሟ ወደ ልጃቸው ዞረች። «አንቺስ? የምታውቂው ነገር አለ?»

«አይ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ባለፈው ሳምንት የደንበኛዋን የሙሽራ ቀሚስ አይጥ ጫፉን በልቶባት ነበር። ለአባቷ ሳትነግር መርዝ ገዛች። አረንጓዴውን ፍሬ በለውዝ ቅቤ ለውሳ በትንሽ ሳህን ከስፌት መኪናው ጀርባ አስቀመጠችው። የስፌት ክፍሏን ሁልጊዜ ትቆልፋለች፤ ዓርብ ዕለት ብቻ ደንበኛ ስትሸኝ በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው። ስትመለስ ሳህኑ ተልሶ ጸድቷል። አይጦቹ የበሉት መስሏት ደስ አላት። እንዲያውም እንደገና ሞላችው።

ሐኪሟ ወደ መድኃኒት ክፍሉ ስትገባ ተከተለቻት።

«ዶክተር፣ ዋሽቼሻለሁ። መርዝ አስቀምጬ ነበር። አረንጓዴ ፍሬ ነው። ዓርብ ሳይበላው አልቀረም፤ አራት ቀኑ።»

«ታዲያ ስጠይቅሽ ለምን አልተናገርሽም?»

«አባቴ አጠገቤ ነበሩ።»

ሐኪሟ ከመደርደሪያው መድኃኒት አውርዳ በመርፌ መቅዳት ጀመረች። «ይሄ መርዝ ወዲያው አይገድልም። ደም እንዳይረጋ ያደርግና ቀናት ቆይቶ ውስጥ ለውስጥ ያደማል። ዓርብ ዕለት ብታመጪው ኖሮ እንዲያስታውክ አድርገን፣ ይሄንን ጀምረንለት፣ በእግሩ ይመለስ ነበር። አሁን ሳንባው እየደማ ይመስለኛል። መድኃኒቱ ደግሞ ሥራ እስኪጀምር ሰዓታት ይፈልጋል። የሌላ ውሻ ደም ብንሰጠው ጥሩ ነበር፤ እዚህ የለንም።»

«አባቴ እንዳይሰሙ፣ እባክሽ።»

«እኔ የማክመው ውሻውን ነው። የቤታችሁን ጉዳይ አንቺ ታውቂያለሽ።»

አለቃ ያን ያህል ሰዓት አልቆየም። እኩለ ቀን ሳይሆን፣ ራሱ በአባቷ መዳፍ ላይ እንዳለ፣ ሁለት ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰና ጸጥ አለ።

በባጃጁ ሰፈር እንደተመለሱ አባቷ ወደ ቤታቸው አልገቡም፤ የጎረቤታቸውን በር በቡጢ ይደበድቡት ጀመር። ልብስ ሰፊዋ በድኑን እንዳቀፈች ከኋላቸው ደረሰች።

ጥበቃው ዓይኑን እያሸ በነጠላ ጫማ ወጣ።

«ደስ አለህ?» አሉት። «በል እንግዲህ ጠግበህ ተኛ!»

«ምን ሆኑ አባባ?» አንሶላውን አየ። «አለቃ ነው? ምን አገኘው?»

«መርዘህ ገድለህ አንተ ትጠይቀኛለህ?» ኮሌታውን ጨመደዱት።

ጥበቃው አልገፋቸውም። «ኧረ እኔ አይደለሁም! ለአንድ ጩኸት ብዬ ነፍስ አጠፋለሁ?»

አባቷ ሌላውን እጃቸውን ሲያነሡ፣ «አባዬ፣ እኔ ነኝ» አለች። አልሰሟትም። «አባዬ! መርዙን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ስፌት ክፍሉ ውስጥ። ለአይጥ ብዬ ነው።»

የተነሣው እጃቸው ቀስ ብሎ ወረደ። ዞረው አዩዋት። የተቆጡም አይመስሉም፤ የማያውቋትን ሰው እንደሚያዩ ነበር።

«ሐኪሟ ስትጠይቅሽ አብረን ነበርን» አሉ።

«አዎ።»

ውሻውን ከእቅፏ ወሰዱት። ከዚያ ቀና ሳይሉ ለጥበቃው፣ «ይቅር በለኝ» አሉት። «አካፋ ይኖርሃል?»

«አለኝ። ይግቡ። ከጓሮ ያለው አፈር ለስላሳ ነው።»

ሁለቱ ወደ ውስጥ ገቡ። ጥበቃው በሩን ለእሷ ብሎ ክፍት ተወላት። ከጓሮ የአካፋው ድምፅ ሲጀምር አንድ እግሯን አስገባች፤ መልሳ አወጣችው። በሩን ከውጭ ቀስ አድርጋ ገጠመችና፣ እስኪጨርሱ ልትጠብቃቸው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች።