ያለፉት ሆስፒታል

አስማረ ምጥ የጠናባትን ሚስቱን እመቤትን በቃሬዛ አሸክሞ አርብ ገበያ ከተማ የደረሰው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ የከተማዋን ሆስፒታል በር አየና ቆመ።

«እዚሁ እናስገባት። ትከሻዬ አለቀ።»

«ለድግስ በግ ስትሸከም አያምህም» አለው አስማረ። «እዚህ ያለው ሐኪም ወንድ ነው። ንፋስ መውጫ ሆስፒታል ሴቷ ዶክተር ማንጠግቦሽ እያለች!»

የገበያ ቀን ስለነበር መኪና ፍለጋ ብቻ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ንፋስ መውጫ ሲደርሱ ሰባት ሰዓት ሆኗል።

ዶክተር ማንጠግቦሽ ከአካባቢው ተወልዳ ሐኪም የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። የእመቤትን ሆድ ዳሰሰች፤ ማህፀኑ ተተርትሯል። የፅንሱ ልብ አይሰማም። የእናትየዋ የደም ግፊት ወርዷል። ወዲያው ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገባቻት። ሦስት ከረጢት ደም ተሰጣት። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ የእመቤት ሕይወት አለፈ።

አስማረን ቢሮዋ አስገብታ ነገረችው። እንባውን በጋቢው ጠረገ።

«እርስዎ ምን ያድርጉ፤ ዕድሜዋ ነው» አለ። «አርብ ገበያ ግቡ ሲሉን እንኳ እንቢ ብለን ነው የመጣን። በማርያም ማኅበር ላይ የተናገሩትን እናቴ አትረሳውም። ‹ምጥ ሲጠና ወደ እኔ አምጧት፤ ወንድ አይነካትም› ብለው ነበር።»

ብላ ነበር፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት። ያኔ ሴቶቹ ወንድ ከሚያያቸው ቤታቸው መሞትን ይመርጡ ነበር። በዚያ ቃል ብዙዎች መጥተው ድነዋል። ከዚያ በኋላ አርብ ገበያ ሆስፒታል ሲከፈት የዚያውን ሐኪም ዶክተር ደምሌን ቀዶ ሕክምና ያስተማረችው ራሷ ናት። ወደ ማኅበሩ ተመልሳ ግን ‹አሁን እዚያም ሂዱ› ብላ ቃሏን አላረመችም።

አስማረ ተነሣ። «እህቴ ብርቱካንም ወሯ ገብቷል። እሷን እንኳ ቀደም ብለን ወደ እርስዎ እናመጣታለን።»

ዶክተር ማንጠግቦሽ ዝም ብትል ይሄድ ነበር። በሩን ዘጋችና አስቀምጣው ከጎኑ ተቀመጠች።

«ብርቱካንን አርብ ገበያ ውሰዳት። እመቤት ሦስት ሰዓት ላይ እዚያ ገብታ ቢሆን ትተርፍ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጥፋቱ የኔ ቃል ነው እንጂ ያንተ አይደለም።»

አስማረ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣ።

«እወስዳታለሁ» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እመቤት ትተርፍ እንደነበር ግን ባይነግሩኝ ምን ነበረበት» አላት።