የጠፋችው ነጥብ

ጣሂራ ጭሮ ውስጥ ለነጋዴዎች የኮምፒውተር ፕሮግራም ትሠራለች። አንድ ጧት የጫት ነጋዴው ታጁዲን ደወለላት። «ጣሂራ፣ ሚዛኑ ላይ ሰባት ኪሎ ተኩል የሆነውን ያንቺ ፕሮግራም ሰባ አምስት አለብኝ» አላት።

ስህተቱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባትም። ቁጥር መሀል የገባ ኮማና ክፍት ቦታ የምታጠራ አጭር ኮድ ጽፋ ነበር፤ ለካስ ኮዷ የአስርዮሽ ነጥቡንም አብራ ትጠርጋለች። እያረመች ሳለ አንድ ነገር ትዝ አላትና እጇን ከኪቦርዱ አነሳች። ይህችኑ ኮድ የአካባቢው ፕሮግራመሮች ጠቃሚ ኮድ በሚለዋወጡበት የቴሌግራም ግሩፕ ለጥፋታለች። ከሥሩ የገለምሶው አብዱናስር «ጀዛኪላህ፣ ለሕፃናት ክሊኒኩ ፕሮግራም ተጠቅሜባታለሁ» ብሎ ጽፏል።

የክሊኒኩ ፕሮግራም የሕፃኑን ክብደት ተቀብሎ የሚሰጠውን ሽሮፕ መጠን ያወጣል።

ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደጋግማ ሞከረች፤ ያው ነው። ሻርፗን ጣል አድርጋ ወደ መናኸሪያ ሮጠች። ሚኒባሱ በየመንገዱ ሰው እያወረደና እየጫነ ገለምሶ ደረሰ።

ክሊኒኩ ውስጥ ያገኘችው አብዱናስር ነገሩን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ላፕቶፑን ከፍቶ ጊት በሚባለው የኮድ ማኅደር ላይ የተመዘገበውን የለውጥ ታሪክ አየ።

«ትናንት ከሰዓት ነው ያስገባኋት» አለ።

ወዲያው ፕሮግራሙን ወደ ቀድሞው መለሰው። በክሊኒኩ መዝገብ ላይ ከዚያ ወዲህ ክብደቱ በነጥብ የተጻፈ ሕፃን አንድ ብቻ ነው፤ ሞሚና የምትባል እናት ልጅ። መድኃኒቱን ይዛ ሄዳለች።

ሁለቱ ሲደርሱ ሞሚና ከገበያው ጀርባ ደጇ ላይ ልብስ ታሰጣለች።

«ልጁስ?» አለቻት ጣሂራ፣ ሰላም እንኳ ሳትላት።

«ተኝቷል። ከጧት ጀምሮ አልነቃም።»

ጣሂራ በጥድፊያ ገብታ ደረቱ ላይ እጇን አሳረፈች። ይተነፍሳል።

«ሽሮፑን ምን ያህል ሰጠሽው?» አለ አብዱናስር።

«የታዘዘውን ነዋ። አብዛኛውን ግን አስመለሰው።»

ልጁን አቅፈው ሆስፒታል ሮጡ። ሐኪሙ ግሉኮስ ሰቀለለትና «ማስመለሱ በጀው» አለ። አመሻሽ ላይ ልጁ ነቅቶ ጡት ፈለገ። የሆነውን ሲነግሯት ሞሚና ጣሂራን ትክ ብላ አየቻትና ልጁን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

ጣሂራ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ግሩፑ ላይ ጻፈች፦ «የለጠፍኳትን የቁጥር ማጥሪያ ኮድ አትጠቀሙ፤ ነጥብ ታጠፋለች። ስህተቱ የእኔ ነው። ያስገባችሁ አሁኑኑ አውጧት፤ ማውጣታችሁንም ንገሩኝ።» ከቦኬም ከቦርደዴም ከተማ «አውጥተናል» የሚል መልስ መጣ። ወዲያው ግን አንዱ ኮዷን ወደ ሌሎች ግሩፖች አስተላልፏት እንደነበር ነገራት። ማን ጋ እንደደረሰች የሚያውቅ የለም።

«አብሽሪ» አላት አብዱናስር።

ዓይኗን ከስልኩ አልነቀለችም።