ጭረት ያልነካው መስኮት

ልጆቼ የጭቃ ቤቴን አስፈርሰው የብሎኬት ቤት ሠሩልኝ። መስኮቶቹን የገጠመው ሳዲቅ ነው፤ ከመናኸሪያው ጀርባ አልሙኒየም የሚሠራው ልጅ። እሱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ልጆቼ ከደሴ ሰው እናምጣ ሲሉ «የደሴ ሰው ስድስት ጣት አለው ወይ?» ብዬ አፋቸውን አስያዝኳቸው።

መስኮቱ እንደተገጠመ የመካነ ሰላም ሰው ሁሉ በበሬ እያለፈ አየው። የቅሬያችን ሰዎችም አዩት። ቅሬ የምንለው ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚቀባበርበት። ቅሬው አዳራሽ እያሠራ ነበርና ቅሬውን የሚመራው ዳኛ አድማሴ፣ እኩያዬ ነው፣ አንድ ቀን ቆም ብሎ «ቅዳሜ መጥተን የልጁን ሥራ በደንብ እናያለን። ካማረን የአዳራሹን መስኮት እሱ ይሠራዋል» አለኝ።

«ና እይ። የሚያሳፍር አይደለም» አልኩት። ቃሌን ሰጠሁ ማለት ነው።

ሳዲቅ ይህን ሥራ ካጣ ማሽኑን ሸጦ ዓረብ አገር ሊሄድ ቆርጧል። ይህን እናቱ ኡሙልኸይር ናት የነገረችኝ፣ እያለቀሰች።

ዓርብ ከሰዓት ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ሳሎን ገብቼ ቁጭ አልኩ። መስታወቱ ሁሉ ተጫጭሯል። ክብ ክብ እየሠራ፣ ጉም የወረደበት ይመስላል። ሳዲቅን አስጠራሁት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

በጣቱ ዳበሰው። «እኔ ስገጥመው አልነበረም። ወላሂ፣ እማማ።»

«መሐላህን ለመስጊድ አቆየው።»

«እማማ ወርቂቱ፣ መስታወት የሚታየው እኮ ራቅ ተብሎ ነው። መሀል ቤት ቆመው ካልታየዎት የለም ነው የሚባለው።»

«ከራቁማ በቅሎም ፈረስ ትመስላለች።»

ቢሆንም ራቅ አልኩ። ታየኝ። እሱም ታየውና አንገቱን ደፋ።

«ነገ ጋሽ አድማሴ ይሄን አይተው ሥራውን አይሰጡኝም» አለ።

«አይሰጥህም» አልኩት። ላለሳልስለት አልፈለግሁም።

ሲሄድ ቀርቤ አየሁት። ጭረቱ ከታች ተነሥቶ ግንባሬ ጋ ሲደርስ ያቆማል፤ ከዚያ በላይ ጥርት ያለ ነው። ሳዲቅ ቆጥ የሚነካ ረጅም ነው። እጇ እዚያ ላይ የሚያልቅ ሰው በቤቴ አንዲት ብቻ ናት፤ ለቤቱ ምርቃት ከወግዲ የመጣችው አጭሯ ታናሽ እህቴ ብዙዬ። ጓሮ ዞር ብል አመድና አሸዋ የተደባለቀበት ባልዲ፣ ከላዩ እርጥብ ጨርቅ።

«መስኮቱን ምን አደረግሽው?» አልኳት።

«ቀለም ቀቢዎችሽ አዝረክርከውበት ሄደው ነበር። እንደ ድስት አሸሁልሽ። ማን አመሰገነኝ?»

ብዙዬ በድስት ወግዲ ላይ ስም አላት። በሠርግ በተዝካሩ የጠቆረ ድስት ሁሉ ወደ እሷ ነው የሚመጣ፤ በአመድና በአሸዋ አሽታ ፊት የሚያሳይ አድርጋ ትመልሰዋለች።

«አበላሽተሽዋል» አልኳት።

«ተበላሽቶ ነው የመጣ። ልጁ ውዳቂ መስታወት ገጥሞልሽ በእኔ ልታላክኪ ነው? ነገ ለሰዎቹ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

ትተወዋለች ብዬ ተስፋ አላደረግሁም። ብዙዬ ያለችውን ትፈጽማለች፤ በዚያ እኔኑ ትመስላለች።

ቅዳሜ ከሰዓት አድማሴ ከቅሬው ጸሐፊ ከጀብሪል ጋር መጣ። ሳሎን ገብቶ መስታወቱን አየና ከንፈሩን መጠጠ።

«ወርቂቱ፣ አያሳፍርም ያልሽኝ ይሄን ነው?»

ብዙዬ እኔን አልጠበቀችም። «ከጥንቱም እንዲህ ነው። እኔ አጸዳሁት እንጂ ምንም አልነካሁት።»

ሳዲቅ በሩ ላይ ቆሟል። ለትልቅ ሴት ውሸታም ነሽ አይባልማ።

ከመቀነቴ ቁልፍ ፈታሁ። የመኝታ ቤቴን ቁልፍ ለማንም አልሰጥም፤ ብዙዬም አልገባችበትም። ከፍቼ አስገባኋቸው። እዚያ ያለው መስኮት የቀለም ጠብታ አለበት፣ ጭረት ግን የለበትም። ጀብሪል ክፍት መስሎት እጁን ሲሰድ ጣቱ ከመስታወቱ ተጋጨ።

«ይሄስ የማነው?» አለ አድማሴ።

«የዚሁ ልጅ። ከዚያው መስታወት የተቆረጠ ነው።» ወደ እህቴ ዞርኩ። «ብዙዬ፣ ይሄ ቀርቶሻል። አመድሽን አምጪና እሺው። ሰዎቹ እጅሽን ይዩልሽ።»

«ኧረ እማማ፣ አንዱ እንኳ ይትረፍልዎ» አለ ሳዲቅ።

«መስኮቱ የማነው?» አልኩት።

ከመንገዷ ዞር አለ።

ብዙዬ እጅጌዋን ሰብስባ ገባችበት። የወግዲ ድስት ሁሉ የተሰለፈላት ይመስል ክብ ክብ እያደረገች አሸችው፣ ውሃ ደፋችበት፣ በደረቅ ጨርቅ ወለወለችውና «ይኸው» ብላ ዞር አለች።

ጉሙ ወርዷል። ከግንባሬ በታች፣ ልክ እንደ ሳሎኑ። እሷም አየችው፤ ቆይታ አየችው።

«ይሄ መስታወት ከድስት ያንሳል» አለች በመጨረሻ።

ጀብሪል ሳቁን በሳል ሸፈነ። አድማሴ ሳዲቅን ትከሻውን መታ አደረገው። «ሰኞ ሜትርህን ይዘህ አዳራሹ ጋ ና። የአዳራሹ ቁልፍ ግን ብዙዬ ወግዲ እስክትገባ እኔ ዘንድ ነው የሚቀመጥ።»

ሳዲቅ የአዳራሹን ሥራ ሲጨርስ የመስታወት ማለስለሻ ይዞ መጥቶ የእኔን ሞከረው። ገሚሱ ጭረት ለቀቀ፣ ገሚሱ እምቢ አለ። ልቀይርልዎ ቢለኝ ተወው አልኩት፤ ፀሐይ ካልመታው አይታይም።

ብዙዬ ወር ሳይሞላ ተመልሳ መጣች። ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዙሬ ጠበቅኋት። መልሳ ወደ ግድግዳው አዞረችውና ተቀመጠች። ውሃ ልትቀዳ ስትነሣ እንደገና ወደ መስኮቱ አዞርኩት።