የደሳለኝ ሦስት ደቂቃ

«ከተወለድኩበት አትጀምሪ» አለ ደሳለኝ በስልክ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «‹ከአባቱ ከአቶ እገሌ፣ ከእናቱ ከወይዘሮ እገሊት› ስትዪ ግማሹ ሰው ስልኩን መጎርጎር ይጀምራል።»

እምነት መስመሩን ሰረዘች። ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ቴምቢሳ በሚባለው ሰፈር፣ ስፓዛ በሚሉት የእናቷ ትንሽ የሸቀጥ ሱቅ ውስጥ፣ ስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ በአጎቷ ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እየጻፈች ነበር። አጎቷ ገና አልሞተም። በኮቪድ ታሞ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ጠያቂ አይገባም፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ በመድኃኒት አስተኝተው መተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያደርጉታል። ቢሞት የቤተ ክርስቲያናቸው ፓስተር ለንባብ የሚፈቅዱት ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። በሆሊውድ የሌሎችን ጽሑፍ ሲያርም የኖረ ሰው ደግሞ የራሱን ለማንም አይተውም።

«አታሟርቱ ብያለሁ!» አለች እናቷ በለጥሽ፣ በብረት ፍርግርጉ በኩል ዕቃ እያቀበለች።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ሥራዬ ነው» አለ ደሳለኝ፣ ድምፁ ከፍ ተደርጎ በተከፈተው ስልክ።

«ሥራህን ሥራ፤ መሞትን ግን አትለማመድ!»

እምነት ሰው ማድነቅ ብዙም አይሆንላትም፤ እሱን ግን ታደንቀዋለች። ሎስ አንጀለስ ውስጥ መኪና ማቆሚያ እየጠበቀ ዘጠኝ የፊልም ጽሑፍ ጻፈ፤ የገዛው የለም። አሥረኛው ተሸጠ። ፕሮዲዩሰር ሆኖ ሁለት ጊዜ ከሰረ፤ በሦስተኛው ተሳካለት። ጆሃንስበርግ የመጣው ተከታታይ ፊልም ሊያስቀርጽ ነበር። በረራ ሲቆም ከሱቁ ጀርባ አብሯቸው ከረመ፤ እስኪታመም ድረስም ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የለስላሳ ሣጥን ጠረጴዛ አድርጎ፣ አንድም ቀን ሳያቋርጥ ጻፈ።

«ቀጥዪ» አላት።

«‹ያለ ማንም እርዳታ፣ በራሱ ብርቱ ጥረት...›»

«ቁረጪው። ውሸት ነው።»

«የቱ ነው ውሸት፣ አጎቴ?»

ኦክስጅኑ ሲያፏጭ ይሰማል።

«ያ የተሸጠው አሥረኛው፣ ታሪኩ የእናትሽ ነው። መሬቷን ለማስመለስ ሰባት ዓመት ፍርድ ቤት ስለተመላለሰች ባልቴት በደብዳቤ ጽፋልኝ ነበር። ሴትዮዋ የተናገረችውን እንኳ እንዳለ ነው የተረጎምኩት። የእናትሽን ስም ግን የትም አላስገባሁም። እሱን ጻፊ።»

በለጥሽ ዳቦ እንደያዘች ቆማ ቀረች። «ማማ፣ ዳቦዬ!» አለች ደንበኛዋ ከውጭ። አልሰማቻትም።

«ስምንት ዓመት ነው» አለች በለጥሽ።

«ምን?»

«የተመላለሰችው ስምንት ዓመት ነው! ሰርቀህ እንኳ አጉድለህ!»

ደሳለኝ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ። ከጀርባው የነርሷ ድምፅ ተሰማ።

«እትዬ፣ መጡ። ይቅር በይኝ።»

«አልልም! ድነህ፣ ፊቴ ቆመህ ጠይቀኝ። በቀብር የሚነበብ ይቅርታ አልቀበልም። ሰማህ?»

ስልኩ ተቋርጦ ነበር።

በለጥሽ ዳቦውን አቀበለች። «ቅደጂው» አለቻት ልጇን፣ ፊቷን ሳታዞር። «ይነሳና ራሱ ይናገራል።»

እምነት ወረቀቱን አየችው። ሊነሳ ይችላል፤ ላይነሳም ይችላል። ገጹን ገለበጠችና ከላይ ጀመረች፦ «የደሳለኝን የመጀመሪያ ፊልም ታሪክ የጻፈችው እህቱ በለጥሽ ናት።»

«እማዬ» አለች ብዕሯን እንደያዘች፣ «ሴትዮዋስ ማን ትባል ነበር?»