ጎባ ቅርብ ነው

ዳግማዊ የጎባ ሰው ነው፤ ይህን ሳይጠየቅም ይናገራል። አባቱ የከፈቱትን ፎቶ ቤት ወርሶ፣ ፀጉሩ እስኪሸብት ድረስ የአካባቢውን ሙሽራ ሁሉ ሲያነሳ ኖሯል። ዱሮ የሮቤ ሰው ለጉርድ ፎቶ እንኳ ጎባ ድረስ ይመጣ ነበር። አሁን ግን ነገሩ ተገላብጦ ሕንፃውም ባንኩም ተማሪውም ወደ ሮቤ ሄደ፤ በየፎቁ ሥር ባለቀለም መብራት የደረደሩ ስቱዲዮዎች ተከፈቱ፤ የዳግማዊ ሙሽሮችም ቀስ በቀስ ቀሩበት። ባለቤቱ እኅተማርያም ሮቤ ላይ ቅርንጫፍ ብንከፍትስ ብትለው እስከ ሰንበት አኮረፋት። ኩርፊያው ሲበርድለት የራሱን መላ ይዞ ተነሳ። ሮቤ መግቢያ ላይ፣ ከሩቅ የሚታይ ትልቅ ታፔላ ያቆማል።

ለዚህ ግን የሮቤ ማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ዳግማዊን ያሳመመውም ይኸው ነበር። የጎባ ሰው ሮቤን ደጅ ሊጠና ነው። ቢሆንም ሱፉን ለበሰ፣ ጫማውን አስጠረገ፣ ቢከለክሉኝ እንዲህ እላቸዋለሁ እያለ በልቡ ንግግር እያዘጋጀ በሚኒባስ ሄደ።

ፈቃዱን የምትሰጠው ባለሙያ ሀዋኒ የምትባል ረጋ ያለች ወጣት ሴት ነበረች። «አካም ጅርቱ» ብላ ሰላምታ እየሰጠች ከመቀመጫዋ ተነስታ ወንበር ስትስብለት፣ ይዞት የመጣው ቁጣ ማረፊያ አጣ። ንግድ ፈቃዱን አየች፤ የቦታውን ንድፍ አየች፤ ደህና ነው አለች። ታፔላው ላይ በአፋን ኦሮሞ የሚጻፈውንም አንብባ ወደደችው። የአማርኛው ላይ ስትደርስ ግን ቆም አለች። «ያማረ ፎቶ ከፈለጉ ወደ ጎባ ይምጡ» ይላል።

«ጋሼ፣ ሮቤ ያማረ ፎቶ የለም ማለትዎ ነው?»

«እንዲህ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም።»

«ከእርስዎ አፍ አልወጣም፤ ታፔላው ግን እንዲያ ይላል። የሚቆመው ደግሞ እኛው ደጃፍ ላይ ነው።»

እሷ ፈገግ እያለች፣ እሱ ላለመሳቅ እየታገለ፣ ቃል ሲጥሉና ሲያነሱ ቆዩ። «የባሌ አንደኛ» የሚለው ማስረጃ ያስፈልገዋል ተብሎ ወደቀ። በመጨረሻ ከፎቶ ቤቱ ስም ሥር «ጎባ ቅርብ ነው» የሚለው ብቻ ቀረ። ይህን የትኛውም የሮቤ ሰው ሊክደው አይችልም፤ ሚኒባስ ላይ የተጀመረ ወሬ ሳያልቅ ነው የሚደረሰው።

ቀጥሎ ፎቶው መጣ። ዳግማዊ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚኮራበትን መርጦ ነበር ያመጣው። ሮሚ የምትባል ሙሽራ የባሏን የሳዲቅን ከረባት ስታስተካክል፣ እሱ ሳቁ ሲያመልጠው፣ ሁለቱም ሳይዘጋጁ የተነሳ ፎቶ ነው። ሀዋኒ ትንሽ አየችውና፣ እነዚህ ሰዎች ፊታቸው መንገድ ዳር እንዲሰቀል ፈቅደዋል ወይ ብላ ጠየቀች። ዳግማዊ ጠይቋቸው አያውቅም። እንግዲያው የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል አለችው።

ይህ ቀላል መሰለው። ሮሚ እዚያው ሮቤ ገበያው አጠገብ ጫማ ትሸጣለች፤ ከማዘጋጃ ቤት ወጥቶ ቀጥታ ወደ እሷ ሄደ። ሮሚ ፎቶውን ተቀብላ ረጅም ጊዜ ካየች በኋላ፣ ከሳዲቅ ጋር ከተኳረፉ ወራት እንዳለፉ ነገረችው። የእንስሳት ሐኪም ነው ሳዲቅ። ገሰራ ወረዳ መመደቡን የነገራት ሻንጣውን ከዘጋ በኋላ ነው። እሷም የራሷን ሻንጣ ዘግታ እናቷ ቤት ገባች። ሽማግሌ ቢላክም አልሆነም።

«በራሴ በኩል እፈርማለሁ» አለች። «የእሱን አላውቅም። ከፈለጉ ቆርጠው ያውጡት።»

ብላም አልቀረች፤ ወረቀቱ ላይ «በራሴ በኩል» ብላ ጽፋ ፈረመች።

ዳግማዊ በማግስቱ ገሰራ ወረደ። ሳዲቅን ያገኘው ከገበያው ዳር፣ ገበሬዎች ተሰልፈው ላሞቻቸውን ሲያስከትቡ ነው። ሳዲቅ እጁን ታጥቦ፣ አድርቆ፣ ፎቶውን በጥንቃቄ ያዘው። ከሮሚም የበለጠ ቆየ። ከኋላው ያለችው ላም ትዕግሥቷ አልቆ እምቧ ስትል ነው የነቃው።

«ሮሚ ፈረመች?» አለ።

«በራሷ በኩል።»

«እኔም በራሴ በኩል ነው» ብሎ ፈረመ። ዳግማዊ ሊሄድ ሲል ግን ጥቂት ተከትሎት ሄደና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከስታለች ወይ ብሎ ጠየቀው። ዳግማዊም ፎቶ አንሺ እንጂ ሚዛን እንዳልሆነ ነገረው።

ሀዋኒ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግታ ስታይ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ነገር ግን ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናትና ማስመሪያ አምጥታ ፎቶው ላይ አቆመች። ወደ ቀኝ ወሰደችው፣ ወደ ግራ መለሰችው። የትም ብታደርገው የሮሚ እጅ ሳዲቅ ደረት ላይ ይቀራል።

«ይህች እጅ የማን ናት?» አለች። «ያለችው በእሱ በኩል ነው። ባለቤቷ ግን እሷ ናት። ስለዚህች እጅ የፈረመ ሰው የለም።»

ዳግማዊ ይሳቅ ይናደድ ጨነቀው። ሌላ ፎቶ ቢያመጡስ ብትለው አሻፈረኝ አለ። ያለዚያች እጅ ፎቶው ፎቶ አይሆንም። ስለዚህ ተመልሶ ሮሚ ሱቅ ሄደ፤ ጫማ የምትለካ ደንበኛ እስክትወጣ በሩ ላይ ጠበቀ። ከዚያ ወሬ ማመላለስ እንደማይወድ በመናገር ጀመረና፣ የእጇን ጉዳይ፣ የላሟን፣ የዝምታውን፣ ከስታለች ወይ መባሉንም ሳይቀር ሁሉን ነገራት።

ሮሚ የተበተኑትን ጫማዎች ወደ ካርቶናቸው ስትመልስ ቆየች። ግራውን ከግራ አጣምራ መክተቷን ዳግማዊ አይቷል።

«እጄን ተዉት» አለች በመጨረሻ። «እዚያው ይቆይ።»

ወረቀቱንም ተቀብላ «በራሴ በኩል» የሚለውን ሰረዘችው።

ታፔላው ማኅተሙን አግኝቶ ቆመ። ብዙም ሳይቆይ የሚኒባስ ተሳፋሪዎች «ሙሽሮቹ ጋ ወራጅ» ማለት ጀመሩ። ከሮቤ ወደ ጎባ የሚመጣ ደንበኛም ተገኘ፤ እርግጥ ግማሹ ስለ ሙሽሮቹ ሊጠይቅ የሚመጣ ነበር፤ ዳግማዊ ግን ማንንም ፎቶ ሳያነሳ አይመልስም። ሳዲቅም ከገሰራ ገበሬዎች ሰምቶ በዕረፍት ቀኑ መጣ አሉ። ታፔላው ሥር ቆሞ አንጋጦ ሲያይ ቆየና በእግሩ ወደ ጫማ ሱቁ አቀና። እዚያ ምን እንደተባባሉ ዳግማዊ አልሰማም። ቢሰማ ኖሮ እኅተማርያም ሳትሰማ አታድርም ነበር።

ክረምቱ ከወጣ በኋላ ግን ሁለቱም አንድ ላይ ጎባ ፎቶ ቤቱ መጡ። ለስሞታ ነው የመጡት። ሳዲቅ ታፔላው ላይ ጆሮዬ ተንቦርቅቋል አለ። ሮሚ ዝናቡ ፊቴን አጥቦ የታመመች አስመስሎኛል አለች። መንገዱን ሙሉ ሲጨቃጨቁ መጥተው በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ፎቶው ይቀየር። ዳግማዊ በቁም ነገር አዳመጣቸው። አዲስ ፎቶ አዲስ ፈቃድ እንደሚፈልግ፣ ሀዋኒም ከእንግዲህ «በራሴ በኩል» የሚል ፊርማ እንደማትቀበል አስረዳቸው። ታርቃችኋል ወይ ብሎ አልጠየቀም።

መጋረጃው ፊት አቆማቸውና እንደ ልማዱ ጠጋ በሉ ሊል ነበር፤ ተወው። ሳዲቅን ለጆሮው ሲል ትንሽ ዞር እንዲል ነገረው። ሳዲቅ ግን ሮሚን ያይ ስለነበር አልሰማውም።